አሥራ ሁለቱም ኢዘዲን

ኢዘዲንን የማውቀው አጠገቡ ተቀምጬ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሱቅ፣ የእሱ የስፌት መኪና በግራ፣ የእኔ በቀኝ። አሶሳ ገበያ ገብታችሁ «ኢዘዲንና ጤናዬ የት ናቸው?» ብትሉ ማንም ያሳያችኋል። እሱ የወንድ ይሰፋል፣ እኔ የሴትና የልጅ። እሱ በርታ ነው፤ መንደሩ በሆሞሻ በኩል ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ እናትና አባቴን በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው አምባ አሥራ አራት አሰፈሯቸው። መንደራችን ስም እንኳ የለውም፣ ያለው ቁጥር ነው። ስለዚህ «ባህል» ሲሉኝ ብዙም አይሞቀኝም አይበርደኝም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «አንቺስ የት ነበርሽ?» እንዳትሉኝ ነው። እዚያው ነበርኩ።

ልብስ ሰፊ ሆኖ መቀመጥ የማይችል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኢዘዲን ነው። አንድ ሱሪ ለማሳጠር አራት ጊዜ ይነሳል። በር ላይ ይቆማል፣ ያለፈውን ባጃጅ ሁሉ ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ መርፌው ላይ ክር ሳያስገባ ደግሞ ይነሳል። ንብ ማነብ ጀምሮ ተወ። መንጃ ፈቃድ ጀምሮ የጽሑፍ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ተወ። ማንጎ አድርቆ አዲስ አበባ ሊልክ ነበር፤ ማንጎው ሳይደርቅ ትል በላው። ሚስቱ ኡምኩልሱም አንድ ቀን ሱቅ ድረስ መጥታ፣ ቀን ሙሉ ካንቺ ጋር ከዋለ ለምን ወንበሩ ላይ አትሰፊልኝም ብላኛለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የእሱ ጅምር ሁሉ እንዲሁ ነው። አንድ ነገር ብቻ ሳይተው ኖሯል፣ መለከቱን።

ነገሩን ላስረዳችሁ። በእነ ኢዘዲን መንደር አሥራ ሁለት ወንዶች የቅል መለከት ይነፋሉ። ዋዛ ይሉታል። ቅል በቅል ላይ እየተሰካ ይረዝማል፤ ትልቁ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ትንሹ ክንድ ቢያህል ነው። ታዲያ እያንዳንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ሰው ድምፁን አውጥቶ ዝም ይላል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ከዚያ ሌላው፣ ዜማው በረድፉ ላይ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ለብቻው ዜማውን ሊያሰማችሁ የሚችል ሰው የለም። ቦታው ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚተላለፈው። ኢዘዲን ሰባተኛው ነው፤ አባቱም፣ አላህ ይማራቸውና፣ ሰባተኛው ነበሩ። መንደሩ ሲገባ ልጆች እንኳ በስሙ አይጠሩትም፣ «ሰባተኛው መጣ» ነው የሚሉት። ይህ ሰው በሕይወቱ ጨርሶ የያዘው ነገር ያ አንድ ቦታ ነው። እሱንም ሊያጣው ደረሰ። የማወራችሁ ይህንኑ ነው።

የጀመረው ከስልክ ነው። አንድ ደንበኛ በሠርግ ላይ መለከቱ ሲነፋ የቀረጸውን ሱቅ ውስጥ ከፈተው። ኢዘዲን ተነስቶ ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጠፈ። የሚሰማው ነፋስና እልልታ ብቻ ነበር፣ መለከቱ ከሩቅ እንደሚያልፍ መኪና ይጉረመረማል። ሰውየው ከሄደ በኋላ ኢዘዲን መቀሱን ይዞ ቆሞ ቀረ።

«ጤናዬ፣ እኔ ይህን ዜማ ሰምቼ አላውቅም» አለኝ።

ሳቅኩበት። ሃያ ሁለት ዓመት የነፋ ሰው! እሱ ግን አልሳቀም። ሲነፋ የሚሰማው የስድስተኛውንና የስምንተኛውን ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ስድስተኛው ሲያወጣ ትንፋሹን ይይዛል፣ የራሱን ይነፋል፣ ለስምንተኛው ይለቃል፣ እንደገና መጠበቅ ነው። ሴቶቹ የሚያለቅሱበት፣ ሽማግሌዎቹ ጭንቅላታቸውን የሚነቀንቁበት ያ ሙሉው ነገር እሱ ጋ አይደርስም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። እንግዲያው አንድ ቀን ከረድፉ ወጥተህ እንደ ሰው ቆመህ ስማው አልኩት። እናቱን የሰደብኩበት ያህል አየኝ። ከረድፉ የሚወጣ ሰው የለም አለና ወደ በሩ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አላስቀመጠኝም። የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር መምህር እዩኤል ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው፣ ትሑት፣ ኮት ሊያስጠብብ በመጣበት ኢዘዲን ያዘው። እዩኤልም መች ዝም አለ፤ የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር አለ፣ እያንዳንዱን መሣሪያ ለብቻው ትቀርጽና አንዱን በአንዱ ላይ ትደርበዋለህ፣ በመጨረሻ ሁሉንም አንድ ላይ ትሰማለህ አለው። የኢዘዲንን ዓይን ብታዩት! ኮቱን በሚቀጥለው ቀን ጨርሶ ሰጠው። ኢዘዲን ሥራ በቀጠሮው ሲያደርስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ላፕቶፑን የገዛው ግድቡ ላይ ሥራውን ጨርሶ ከማንኩሽ ወደ አገሩ ከሚመለስ በያጅ ነው፤ አሮጌ ነው፣ ሁለት ፊደል የለውም። ሶፍትዌሩን ደግሞ ከአንድ ኮምፒውተር ቤት በፍላሽ አስገልብጦ አመጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። በየጥቂት ደቂቃው ድምፁ ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ቀጥ ይላል። ሦስት ሳምንት እንዲህ እየታገለ ሠርቶ ያስቀመጠውን አንድ ማለዳ ሊከፍት ቢል አልከፍትም አለው፤ ለካ ያልተከፈለበት፣ የተሰበረ ቅጂ ነው፣ የሠራኸውን ይውጣል እንጂ አይመልስም። መቀሱን ወረወረ። የእኔን የልጅ ቀሚስ ቀደደው።

እዩኤል እውነተኛውን ግዛ አለው። ለመግዛትም የእኛ ባንክ ካርድ አይሠራም፣ በውጭ ገንዘብ ነው የሚከፈለው። በመጨረሻ ዱባይ ያለችው የእዩኤል እህት ሐኒ በካርዷ ከፈለችለት፣ እሱ ደግሞ ብሩን ለእናቷ ላከ። ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ኡምኩልሱም ትሰማለች። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ በፈረንጅ ፊደል ስሙ ይወጣል፣ ባለቤቱ ኢዘዲን ነው ይላል። ያን ቀን ዘግቶ እየከፈተ ከሥራዬ አሥር ጊዜ አስነሳኝ።

መማሩ ግን፣ ወይ መማር! ስልኩ ላይ አንድ ጺማም ፈረንጅ እየፈጠነ ያስተምራል፣ ኢዘዲን ደግሞ እያቆመ፣ እየመለሰ፣ እያቆመ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያዳምጥ ይውላል። መብራት ሲሄድ ይረግማል፣ ሲመጣ ይረግማል። የአንድ ሹም ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው ሁለት ጣት አሳጥሮ ሰፋ፤ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ፣ ፈትቼ የሰፋሁት እኔ። አንድ ቀን ተበሳጭቼ ላፕቶፑን ዘግቼ ላዩ ላይ ብትን ጨርቅ ከመርኩበት። ዝም ብሎ ጨርቁን አንድ በአንድ አነሳ። ያኔ አሳዘነኝና እስቲ አሳየኝ አልኩት።

አሳየኝ፤ ቶሎ ገባኝ፣ ከእሱ ቀድሞ ማለቴ ነው። ስክሪኑ ላይ ድምፁ በየመስመሩ ተዘርግቷል፣ ቀለም አለው። ቁራጭ ጨርቅ ነው እኮ፤ እጅጌው እዚህ፣ ኮሌታው እዚያ፣ ቆርጠህ ትገጥማለህ። ኢዘዲን ድምፁን ሲቆርጥ መጋጠሚያው ላይ «ጠቅ» የሚል ነገር እያስቸገረው ነበር። ልክ ጫፉ ላይ ስለምትቆርጥ ነው፣ ለስፌት ትርፍ ተው አልኩት። ተወ። ጠፋ። እንዲህ ነው እኔም የገባሁበት፤ ሰው አሳስቶኝ አይደለም።

አንድ ችግር ቀረ። የነበረው የራሱ መለከት ብቻ ነው። የራሱን ድምፅ በሶፍትዌሩ ከፍ ሲያደርገው ጫጩት ሆነ፣ ዝቅ ሲያደርገው ጭቃ የያዘው አይሱዙ ሆነ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያሉት የፈረንጅ መለከቶች ደግሞ ከእነሱ ድምፅ ጋር አይገጥሙም፣ አጠገቡ ይደርሱና ያልፉታል። አንድ ወር በዚህ ተንቆራጠጠ። አሥራ አንዱ መለከት ያስፈልገው ነበር፣ አሥራ አንዱ መለከት ደግሞ መንደር ነው ያለው፣ ጊዜውም ክረምት ነው።

በመንደሩ ከዘር እስከ መኸር መለከት አይነፋም። ማሽላው ሳይገባ ደስታ አይጠራም ይላሉ፤ እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው። መለከቶቹ በየከረጢታቸው ሆነው የረድፉ አለቃ ሼህ ዓብዱልባሲጥ ቤት ይሰቀላሉ፤ ከተማ የሚኖረው የኢዘዲን ብቻ እሱ ጋ ይቀራል። ሼህ ዓብዱልባሲጥ የኢዘዲን አጎት ናቸው፣ አባቱ ሲሞቱ መለከቱን እጁ ላይ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። በየክረምቱ ያረጁት ከረጢቶች ወደ ሱቃችን ይላካሉ፣ ኢዘዲን በነጻ አዲስ ይሰፋል። ባዶ ከረጢት ብቻ ነው የሚመጣው። የዚያን ክረምት ግን ኢዘዲን ከረጢቶቹ እየጠበቡ መለከቱን ሊሰነጥቁት ነው፣ ልኬት መውሰድ አለብኝ፣ መለከቶቹ ራሳቸው ይምጡ ብሎ ላከ። ሽማግሌው አመኑት። አሥራ አንዱም ተጠቅልለው በፒካፕ መጡ። ይዞ የመጣው ሰው የሼሁን ቃል በእኔ ፊት ነገረው፤ አፍ እንዳይነካቸው።

አፍ ነካቸው። ከሱቁ በስተጀርባ ጨርቅ የምናስቀምጥባት ክፍል አለች። ግድግዳዋን በብርድ ልብስ ጋረደ፣ ማይኩን ከጣሪያ አንጠለጠለ፣ ጆሮው ላይ «ቲክ ቲክ» የሚለውን የሶፍትዌሩን ምት በሄድፎን ሰካ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ መቅረጽ አይቻልም፣ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከመዝነቡ በፊት ነው። የመለከቱ ድምፅ ገበያው እንዳይሰማ ደግሞ እኔ ከፊት ሆኜ ጨርቅ የሌለበት መኪና በእግሬ እየመታሁ አስጮኸው ነበር። አዎ፣ እኔ። ለምን እንዳደረግኩት ብትጠይቁኝ፣ እኔም መስማት ፈለግሁ። እሱን ያቁነጠነጠው ነገር እኔ ላይም ተጋብቶ ነበር።

አምስት ጠዋት ፈጀ። እየወጣ ከንፈሩ አብጦ ያሳየኝ ነበር። አንዱን ሲነፋ እንደ ባለቤቱ ቆሞ ነው የሚነፋው፤ ከነፊዎቹ አንዱ አንካሳ ነው፣ የእሱን መለከት ሲይዝ ያነክሳል። የራሱን፣ ሰባተኛውን፣ መጨረሻ ነፋ። ከዚያ ሦስት ቀን በኮምፒውተሩ መዳፊት ሲገጣጥም፣ የዘገየውን ወደፊት ሲያመጣ፣ የቸኮለውን ሲመልስ ቆየና አንዱን የሄድፎን ጆሮ ለእኔ፣ አንዱን ለራሱ አድርጎ ከፈተው።

ምን ልበላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ ይህን ሰው ምን እንደሚያክል አላውቅም ነበር። ዜማው እየዞረ ይመጣል፣ ከሥር ትልቁ ይረግጣል፣ ከላይ ትንንሾቹ ይንጫጫሉ፣ መሃል ላይ ደግሞ የእሱ ድምፅ፣ ሰባተኛው፣ ሁሉን የሚያያይዘው ክር። ቀና ብዬ ሳየው ተቀምጧል። እግሩ አይንቀሳቀስም። እንባው በጉንጩ ላይ ወርዶ ጺሙ ውስጥ ገብቷል።

ሰላሙ የቆየው ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ማን ይስማው የሚል ነገር ያዘው። መንደር ውስጥ ማሰማት አይችልም፣ ያውቃል። ለእዩኤል አሰማው። እዩኤል ተደንቆ ለጓደኞቼ ልውሰደው ሲለው ኢዘዲን ውሰደው አለ። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ደስ ብሎኝ ሻይ አዘዝኩ። መለከቶቹ በአዲስ ከረጢት ወደ መንደር ተመለሱ፣ ሽማግሌውም ስፌቱን አመስግነው ላኩ። እዩኤል በክፋት አላደረገውም፣ ልጁን አውቀዋለሁ። ብቻ ነገሩ ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ በዓል የሚያዘጋጁ ሰዎች ጋ ደረሰ።

በየዓመቱ ማሽላው ከገባ በኋላ ከተማ ውስጥ በዓል አለ። አዘጋጆቹ ጠዋት መንደር መኪና ይልካሉ፣ አሥራ አንዱ ከነመለከታቸው ተጭነው ይመጣሉ፣ ኢዘዲን ከሱቁ በር ላይ ይሳፈራል። ያን ቀንም ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ መለከቱን አቅፎ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆመ። ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ፣ እኔን አዞረኝ። አራት ሰዓት አለፈ።

ከዚያ በዓሉ ከሚደረግበት ሜዳ በኩል ድምፁ መጣ። በትልልቅ ስፒከር። ዜማው እየዞረ፣ ትልቁ ከሥር እየረገጠ።

መጀመሪያ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠና ስልኩን አውጥቶ መንደር ደወለ። ያነሳው ቡሴ ነው፣ ሦስተኛውን መለከት የሚነፋው። ስልኩ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ። ከንጋት ጀምሮ መንገድ ዳር ቆመናል፣ መለከቶቹን ከከረጢት አውጥተናል፣ ሼሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ መኪናው የት ደረሰ ይላል ቡሴ። ከሜዳው የሚመጣውም ድምፅ በስልኩ ገብቶ ኖሮ፣ ጀመሩ እንዴ፣ እነማን ናቸው የሚነፉት ሲል ጠየቀ። ኢዘዲን ስልኩን ዘጋው። ምን ብሎ ይመልሳል? አሥራ አንድ ሰው መንገድ ዳር አቁሞ የራሳቸውን መለከት ከተማ ላይ የሚነፋው እሱ ነው። አዘጋጆቹን መኪናውን ላኩ ብሎ ሊለምን እየሮጠ ሄደ፤ ፕሮግራሙ ሞልቷል፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ለምን ሰው እናንገላታለን አሉት። አመስግነውም ሸኙት።

በማግስቱ ሼህ ዓብዱልባሲጥ ወሬው ደርሷቸው መጡ። ብቻቸውን ነው የመጡት። በበርታ ይናገሩታል ብዬ ልወጣ ብነሳ በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ፤ በአማርኛ ጀመሩ፣ እኔ እንድሰማ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻል ነበር። አሰማኝ አሉት። ኢዘዲን ሄድፎኑን አደረገላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ደግሞ ድገመው አሉት፤ ደገመው።

«ሦስተኛው ማነው?» አሉ።

«ቡሴ» አለ ኢዘዲን።

«ቡሴ አይደለም። መለከቱ የቡሴ ነው። ቡሴ ትንሽ ይዘገያል፣ እኛ እንጠብቀዋለን። ይሄ አይዘገይም።» ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች አወረዱ። «ይሄም አንተ ነው። ይሄም አንተ ነው። አሥራ ሁለቱም አንተ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አሥራ ሦስተኛም አለ፣ ከሥር ትር ትር ትር ይላል አሉኝ፤ መኪናዬን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። በብርድ ልብሱ ውስጥ አልፎ ገብቶ ኖሯል። እኔም ኢዘዲንም ሰምተነው አናውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መቼ እንደነፋው አልጠየቁም፣ ገብቷቸዋል። ኢዘዲን ራሱ በክረምት ነው አለ፣ ሳይጠየቅ። ሽማግሌው በዓረብኛ አንድ ነገር አጉረምርመው ቆዩና፣ አሥራ ሁለት ካለህ የእኛ አንዱ ምን ያደርግልሃል አሉት። ኢዘዲን ተንበረከከ። እሱን ነው የምፈልገው፣ አንዱን፣ ሌላ አልፈልግም አለ። ላፕቶፑን አንስቶ ሊሰጣቸው ቢል እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ዘንድሮ ተቀመጥ» አሉት። «ከሴትና ከልጅ ጋር ቁጭ በልና ስማ። መስማት አይደል የፈለግከው?»

ሰባተኛውን መለከት ከጥግ አንስተው፣ እሱ በሰፋው ከረጢት ውስጥ አስገብተው፣ በባጃጅ ይዘውት ሄዱ። ለሌላ ሰው ይሰጡት እንደሆነ ጠየቃቸው። አልመለሱለትም።

የመንደሩ የራሱ በዓል ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። እነዚያ ሁለት ሳምንታት ለጠላቴም አይስጣቸው። አንድ ቀን የቡሴ ታናሽ ወንድም በሰባተኛው መለከት ልምምድ ጀምሯል የሚል ወሬ ገበያ ውስጥ ሰማና ሱቁን ክፍት ጥሎ ጠፋ፤ መንደሩ ጫፍ ድረስ ሄዶ ሳይገባ ተመልሷል። አንድ ቀን ደግሞ ያው የቡሴ ወንድም ታሟል አሉት፣ በሰው መታመም ደስ ሲለው አየሁትና ሰደብኩት። እሱም ራሱን ሰደበ። ላፕቶፑን ከፍቶ ዜማውን ያስጀምርና ሰባተኛው ሳይደርስ ያቆመዋል። አይበላም። ኡምኩልሱም መጥታ፣ ያንን ከወንበር የሚነሳውን ሰው መልሱልኝ፣ ይህ የተቀመጠው አስፈራኝ አለችኝ።

እኔም አልተኛሁም። መኪናዬን በረገጥኩ ቁጥር ያ ትር ትር ይሰማኛል። አምባ አሥራ አራት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ የትውልድ አገሯን ወንዝ ስም እያነሳች የምትቆዝም ሴት ናት፣ እኔ ደግሞ ወሬዋ ሲሰለቸኝ የኖርኩ ልጅ ነኝ። ያን ቀን ግን ሰው ቦታውን ካጣ ልጄ፣ ቁጥር ነው የሚሆነው አለችኝ። 

በበዓሉ ቀን ከኡምኩልሱም ጋር ሦስታችን ሄድን። ለመጀመሪያ ጊዜ መግባቴ ነው። ልጆቹ ኢዘዲንን አዩት፤ «ሰባተኛው» ያለ የለም። ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ከሴቶቹ ወረድ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ሰዎቹ መለከታቸውን ይዘው ከቤቱ ሲወጡ እሱ መቁጠር ጀመረ፣ ከንፈሩ ይታየኝ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ቡሴ፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ከዚያ ማን እንደሚወጣ ለማየት እኔም ቆሜ ነበር።

የወጣው ስምንተኛው ነው። የቡሴ ወንድም ሕዝቡ መካከል ቆሞ ያጨበጭባል። ሲሰለፉ ስድስተኛውና ስምንተኛው አልተጠጋጉም፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍት ቦታ ተዉ። ሼህ ዓብዱልባሲጥ ዱላቸውን ሲያነሱ ጀመሩ።

ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ኢዘዲን ዜማውን በፊቱ ሰማው፣ ከነሕይወቱ። ቡሴ ዘገየ፣ ጠበቁት። አንካሳው በምቱ ላይ አነከሰ። እኔ ያንን የኮምፒውተሩን ነገር ያደነቅኩ ሴት አፈርኩ፤ ከዚህ ጋር ሲተያይ በካውያ የተተኮሰ የሬሳ ልብስ ነበር። ነገር ግን ዜማው እየዞረ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። ስድስተኛው ይነፋል፣ ከዚያ ምንም የለም፣ ከዚያ ስምንተኛው። ማንም አልሸፈነውም፤ አሥራ አንዱም ያንን ክፍተት ልክ በጊዜው ጠብቀው ያልፉታል። በእያንዳንዱ ዙር እዚያች ቦታ ላይ የኢዘዲን ደረት ብድግ ይልና ተመልሶ ይወርዳል። የመንደሩ ሽማግሌዎች በየዙሩ እየዞሩ ያዩት ጀመር። ተቆጥተው አልነበረም።

ሲያርፉ ኢዘዲን ወደ እኔ ዞረ። ከመንደሩ ሰው መካከል አንዱንም አልጠየቀም። እኔን፣ ለባህል ግድ የሌላትን የሰፋሪ ልጅ ነው የጠየቀው፤ እኔ ካወቅሁት ሁሉም አውቆታል ማለት ነው።

«ጎድሏል?» አለኝ።

ልዋሸው አልፈለግሁም። «ጎድሏል» አልኩት። «ማንም ይሰማዋል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።